ብስክሌት የሚቆመው ማታ ነው

በስቶክሆልም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ የኅዳር ምሽት የቀረበ ዲስኩር



ቀኝ እጄን አነሣለሁ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁም እንድታዩት። ይህ አንጓ ወደ ኋላ የሚታጠፈው እስከዚህ ብቻ ነው። ግራው ግን ይኸው፣ እንደ ልቡ ይታጠፋል። ሁለቱን ያለያያቸው አንድ የኅዳር ማለዳ ነው። ከማለዳው በላይ የጎዳኝ ግን ከእሱ ቀጥሎ የመጡት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ ማለዳውም ስለ ሳምንታቱም ልነግራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መንከባከብ ነው። መድኃኒት አቀርባለሁ፣ ቁርስ አዘጋጃለሁ፣ ገላ አጥባለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት። ከቤት ቤት የምሄደው በብስክሌት ነው። ብስክሌት ደግሞ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከተማው ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዘንባባው ጥላ፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት። ታናሽ እህቴን ከኋላ ጭኜ፣ የገበያ ዘንቢል መሪው ላይ አንጠልጥዬ የነዳሁ ሰው ነኝ። ስቶክሆልም መጥቼ ሰዉ ሁሉ በብስክሌት ሲሄድ ባየሁ ጊዜ፣ በዚህ አገር ቢያንስ አንድ የማውቀው ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ መንዳቱን አውቀው ነበር፤ መሬቱን ግን አላውቀውም።

ስለ መሬቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ እየተንጋጋ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው። እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ውሃው ረግቶ ድንጋይ ሲሆንም በረዶ እንለዋለን። ክረምት ስንል ደግሞ ትዝ የሚለን ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡና ጭቃው ነው። ስዊድኖች ግን ለመሬቱ ጠባይ ለብቻው ቃል አላቸው፤ ሃልካ ይሉታል። ሃልካ በረዶ ማለት አይደለም። እግርና ጎማ መሬቱን መያዝ ሲያቅታቸው፣ ያ ሁኔታ ነው ሃልካ። ድንገት ሲመጣ ደግሞ ብሊክስትሃልካ ይሉታል፤ እንደ መብረቅ ያለ ማንሸራተት እንደማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ቃል በትምህርት ቤት ይሰሙታል። እኛ ወላጆቻቸው ግን መስኮት ከፍተን ነጭ ነገር ካላየን «ዛሬ በረዶ የለም» ብለን እንወጣለን።

እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የወጣሁት። ማታውን ዝናብ ጥሎ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደመናው ተገፎ ሰማዩ ጠራ። ማለዳ ስልኬን ሳየው ሁለት ዲግሪ ይላል፣ ያውም ከዜሮ በላይ። በሁለት ዲግሪ ውሃ አይረጋም አልኩና ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ቬስተርብሩን የሚባለውን ድልድይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተው፣ ከኩንግስሆልመን ወደ ሶደርማልም የሚያሻግረው ረጅሙ። አቀበቱን ጨረስኩ፣ አናቱን አለፍኩ፣ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፤ እርጥብ መሰለኝ። ከፊቴ ሰው ስላየሁ ፍሬን ነካ አደረግሁ። ነካ ብቻ። የፊቱ ጎማ ከሥሬ ተነጥቆ ሄደ።

ለምን? ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛልና እናንተ በአንድ ምሽት እንድታገኙት እፈልጋለሁ። ስልካችን ላይ የምናየው ቁጥር የአየሩ ሙቀት ነው። የሚለካውም ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የመንገዱ ገጽ ግን ሌላ ነው። ሰማይ በጠራ ሌሊት ምድር የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ከፊሉን ይመልስላት ነበር። ደመናው ሲገለጥ አስፋልቱ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አየሩ ሁለት ከዜሮ በላይ ሲሆን መንገዱ ሁለት ከዜሮ በታች መሆን አይከብደውም። ይህን የመንዝና የደብረ ብርሃን ገበሬ ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ኮከቡ የበዛበት ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት መሆኑን አይቶ ለባቄላው ይሳቀቃል። አያቶቻችን የሚያውቁትን ነው እኔ ስልክ ይዤ የዘነጋሁት።

ድልድይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተራ መንገድ ከሥሩ መሬት አለው፤ መሬት የበጋውን ሙቀት ቆጥቦ ቀስ እያለ ይሰጠዋል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ነው የሚነካው፤ ስለዚህ ቀድሞ ይረጋል። መንገዱን ሁሉ በሰላም መጥቶ ድልድዩ ላይ የሚወድቀው ሰው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በላዩ የረጋው ውሃ ስስና ጥርት ያለ በመሆኑ ዓይን የሚያየው በረዶውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ጥቁር አስፋልት ነው። ጥቁር በረዶ የሚሉት ይህንን ነው።

በረዶ ለምን እንደሚያንሸራትት ራሱ ሰዎችን ለረጅም ዘመን አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1850 ማይክል ፋራዳይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሁለት የበረዶ ቁራጮች ሲነካኩ ለምን እንደሚጣበቁ ሲያስረዳ፣ በረዶ ከዜሮ በታች ሆኖም ገጹ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን አለው አለ። ዛሬ ሳይንቲስቶች ያን ሽፋን በመሣሪያ ያዩታል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አንድ ነገር ነው፦ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ብርዱ ሲጠና ይሳሳል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ ደረቅ ማለዳ ፊት ይገርፋል እንጂ ጎማ ይይዛል። ዜሮ ላይ የሚዋልለው ለስላሳ ማለዳ፣ «ዛሬስ ብርዱ ቀለል ብሏል» የምንልበት፣ እሱ ነው የሚሰብረን።

በፊንላንድ ሰሜን ኦውሉ የምትባል ከተማ አለች። ከእኛ በጣም የባሰ ብርድ አለባት፤ ሆኖም ልጆች በዚያ ብርድ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ግቢው በብስክሌት ይሞላል። የዓለም የክረምት ብስክሌት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የተካሄደው እዚያ ነው። ሰዎቹ ከእኛ ይልቅ ጀግና ስለሆኑ አይደለም። በረዷቸው ደረቅ ነው፤ በመኪና ተጠቅጥቆ ወለል ይሆንና ወራቱን ሙሉ እንደዚያው ይቆያል። ስቶክሆልም ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትቀልጣለች፣ ሦስት ጊዜ ትረጋለች። ትናንት ሰው የረገጠው ጭቃማ በረዶ ሌሊቱን ይደርቅና የእግሩ ቅርጽ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል። የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባ መሪው የእናንተ መሆኑ ያበቃል።

አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከያዘበት ቦታ ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በእርጥብ በረዶ ላይ ደግሞ ከ15 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል፤ ያውም ሳይወድቅ ከዘለቀ። ብስክሌት ቆሞ የሚሄደው ወዳዘነበለበት መሪውን እያዞርን ስንደግፈው ነው፣ ባናስተውለውም። ድጋፉ የሚመጣው ደግሞ የፊቱ ጎማ መሬቱን ከያዘ ብቻ ነው። ከለቀቀ በምን ይደገፋል? ከኮርቻ እስከ መሬት ለመውደቅ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አእምሮ ነገሩን አይቶ እስኪያዝ ጊዜው አልቋል። እጅ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይዘረጋል።

እጄ ተዘረጋ። ተነሣሁ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ብስክሌተኛ ቆሞ «ዪክ ዴ ብራ?» አለኝ፤ በደህና አለፈ ወይ እንደማለት ነው። እኔም ልብሴን እያራገፍኩ፣ ፈገግ ብዬ፣ ደህና ነኝ አልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አገር ቤት ሰው ሲደናቀፍ ያየ ሁሉ «እኔን!» ይላል። ምን ያለ ቃል ነው! የአንተ ሕመም በእኔ ይሁን ማለት እኮ ነው። ወዳቂውም ፈጥኖ ተነሥቶ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ይላል። ያንን መልስ የሚሰጠው የደነገጠውን ሰው ለማሳረፍ ነው፤ ጨዋነት ነው። እኛ ከልጅነታችን የለመድነው ይህንን ነው፤ አጥንታችን ተሰብሮም መጀመሪያ የምናጽናናው ያየንን ሰው ነው። ችግሩ ያን ለሰው ያልነውን ቃል መልሰን ለራሳችን እንደ ሐኪም ቃል መስማታችን ላይ ነው። እኔ ያን ዕለት «ደህና ነኝ» ካልኩ በኋላ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ሰባት ቤት ዞርኩ። አንዲት ባልቴት በዚህ በተሰበረ እጄ ከአልጋ አነሣሁ።

በአራተኛው ቀን ሕመሙ ስላልለቀቀኝ ራጅ ተነሣሁ። ስብራት አይታይም ተባልኩ፤ ካልተሻለሽ ተመልሰሽ ነይ ተባልኩ። የመጀመሪያውን ሰማሁ፣ ሁለተኛውን አልሰማሁም። አንድ የማከብራቸው አባትም በቅባት አሹልኝ። ወጌሻ ብዙ ሰው አድኗል፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሚመኩበትን እጅ አልንቅም። ነገር ግን የእኔ ስብራት ማንም እጅ ሊዳስሰው የማይችል ቦታ ላይ ነበር። ሲታሽ የባሰ ላላ።

እስቲ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀስሩት። ከሥሩ፣ አንጓው ጋ፣ በሁለት ጅማት መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ ይታያል። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ከኦቾሎኒ ብዙም የማትበልጥ አጥንት አለች። ስዊድኖች ቦትቤን ይሏታል፤ ቦት ታንኳ፣ ቤን አጥንት። የሐኪሞቹ የግሪክ ስሟም ያው ታንኳ ማለት ነው፤ ቅርጿ ወገቧ የሰረጎደ ታንኳ ነውና። የጣና የታንኳ ልጅ ሆኜ ታንኳዬን በስቶክሆልም ሰበርኩ። ይህች አጥንት ክፉ ጠባይ አላት። ደሟ የሚገባው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፏ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወገቧ ላይ ስትሰበር የኋላው ግማሽ ደም ያጣል። ስብራቷ ቀጭን ስለሆነ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ለዚህ ነው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ራጁን መድገም ወይም በኤምአርአይ ማየት የሚያስፈልገው። ያ ጎድጓዳ ቦታ ሲጫኑት ካመመ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ብልህ ሐኪም እጁን ያስረዋል። ሳይታሰር የቆየ ግን ሁለቱ ግማሾች ላይገናኙ፣ አንደኛው ሊሞት፣ አንጓው በኋላ በቁርጥማት ሊያልቅ ይችላል።

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ተመለስኩ። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ አሁን አጥንቴ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ጀሶው፣ የእጅ ልምምዱ፣ ከሥራ የቀረሁባቸው ወራት፣ ያንን ሁሉ አልቆጥርላችሁም። የቀረብኝ ያሳየኋችሁ የአንጓ መታጠፍ ነው። የዚያን ዕለት ከድልድዩ ወደ ሐኪም ሄጄ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ተመልሼ ቢሆን በጀሶ ብቻ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነበር አሉኝ።

ሌሎቹን ጉዳቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በተዘረጋ እጅ ሲወደቅ ከሁሉ ይልቅ የሚሰበረው ከአንጓ ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ትልቁ አጥንት ነው፤ እጁ የተገለበጠ ሹካ መስሎ ያብጣል። ይህን ስብራት እ.ኤ.አ. በ1814 የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮልስ በሚገባ ገለጸው፤ ራጅ ሊገኝ ገና ሰማንያ ዓመት ሲቀረው፣ በእጁ እየዳሰሰ። ከእሱ በፊት ውልቃት ነው እያሉ ይጎትቱት ነበር። በትከሻ ሲወደቅ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የተዘረጋችው አጥንት መካከሏ ላይ ትሰበራለች። በጎን ሲወደቅ ዳሌ ነው። የዳሌ ስብራት በወጣት ላይ ብዙም አይታይም፤ ከስድሳና ከሰባ በላይ ለሆነ ሰው ግን ከዚያች ቀን በፊትና በኋላ ያለው ኑሮ ሁለት ኑሮ ነው። እኔ በየቤቱ የማያቸው እነሱን ነው። በራሷ ቡና ታፈላ የነበረች ሴት ከአንድ መውደቅ በኋላ ጽዋዋን የሚያቀብላት ትፈልጋለች።

ጭንቅላት ላይ ግን አልቸኩልም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ሄልሜት አድርጎም ቢሆን፣ ያን ቀን ብቻውን አይደር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተወላገደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ 112 ይደወላል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ደግሞ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ምንም ሳይሰማችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደሙ አንጎልን ቀስ እያለ ሊጫነው ይችላል፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያን ሰዓት እውነት ነው።

ሄልሜቱም አንዴ ከተመታ ይጣላል። ውስጡ ያለው ነጭ ስፖንጅ ተጨፍልቆ ኃይሉን የሚውጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከውጭ ሳይሰነጠቅም ሥራውን ጨርሷል። አዲስ ስትገዙ ሚፕስ የሚል ምልክት ታያላችሁ። ሃንስ ፎን ሆልስት የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪምና ፒተር ሃልዲን የተባሉ ተመራማሪ እዚሁ ስቶክሆልም ያፈለቁት ሐሳብ ነው። ሰው ሲወድቅ ጭንቅላቱ መሬቱን የሚያገኘው ቀጥ ብሎ ሳይሆን አግድም ነው፤ አንጎልን የሚጎዳውም ያ መጠምዘዙ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ ትንሽ እንዲንሸራተት አደረጉት። በዚህ አገር ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት እንዲያደርግ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያዛል። ልጁን አስሮ የራሱን የሚተው ወላጅ አያለሁ። እባካችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መቆም ያለብን መቼ ነው?

ስለ ራሴ መርምሬ ያገኘሁት ይህ ነው፦ ሰው ኮርቻ ላይ ከወጣ በኋላ ለመቆም አይወስንም። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ረፍዷል። የመጀመሪያዋ ባልቴት መድኃኒቷን እየጠበቀች ነው። ግማሹን መንገድ መጥቻለሁ፣ ብመለስ ያው ነው። ትናንትም እንዲሁ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም። ሌላው ሁሉ እየነዳ ነው። ብስክሌቱን እየገፋሁ ብሄር ሰው ምን ይለኛል። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፍሬን እንደሌለው ቁልቁለት ናቸው።

በእኛ ባህል የዚህ መድኃኒት አለ፤ ለብስክሌት አስበነው አናውቅም እንጂ። ጾም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ማለዳ ተነሥቼ ዛሬ ርቦኛል ወይስ አልራበኝም፣ ልጹም ወይስ ልተው ብዬ አልመክርም። ቀኑ ተወስኗል፣ ሰዓቱ ተወስኗል። ሙስሊም ወገኖቼም ረመዳን ሲገባ እንዲሁ ነው። በየማለዳው በሆዳችን ብንወስን ኖሮ ስንቶቻችን እንጾም ነበር? የስዊድን ሕግም ለመኪና ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31፣ መንገዱ የክረምት መንገድ ከሆነ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። ሾፌሩ በየማለዳው አይፈላሰፍም። ለብስክሌት ግን እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ስለዚህ ሕጉን እኛው ለራሳችን ማውጣት አለብን፣ ማታ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሳንቸኩል።

የምንከባከባቸው አንዲት ሴት እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ብስክሌት ነድተዋል። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበሩም። እንዴት ቻሉ ብዬ ስጠይቃቸው ምሥጢር የለውም አሉ። በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ስዊድኖች በሞቱ ዘመዶቻቸው መቃብር ላይ ሻማ በሚያበሩበት ቅዳሜ ማግስት፣ ብስክሌቱን ምድር ቤት ያስገቡት ነበር። የሚያወጡት ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ ሳይሆን ጠጠሩ ሲጠረግ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ልብ በሉት። ክረምቱን ሙሉ እንዳያንሸራትት የሚበተነው ጠጠር፣ በረዶው ሲጠፋ በደረቁ አስፋልት ላይ እንደ ሽንብራ ይንከባለላል፤ በጸደይ ፀሐይ ተደስቶ ኩርባውን በፍጥነት የሚዞረውን ይጥለዋል።

እኔ እንደ እሳቸው አምስት ወር ማቆም አልችልም፤ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ሕጌ ሌላ ነው። ማታ ሁለት ነገር አያለሁ፦ ቀን ዘንቧል ወይም በረዶ ቀልጧል ወይ? ሌሊቱን ወደ ሁለት ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆኑ፣ ቦርሳዬን ለባቡር አዘጋጅቼ እተኛለሁ። ማለዳ የፈለገውን ያህል ቢያምር አልከራከርም። ደረቅ ብርድ ከሆነ ግን እነዳለሁ፤ ባለ ሚስማር ጎማ አለኝ። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ጎማው ላይ ከብረት የጠነከሩ ጥቃቅን ሚስማሮች ተተክለዋል፣ በረዶውን ይነክሳሉ። ሁለቱን ጎማ መግዛት ካልቻላችሁ የፊቱን ግዙ፤ የኋላው ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ የፊቱ አይመለስም። አዲስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን አርባ ያህል ኪሎ ሜትሮች አስፋልት ላይ ሳትቸኩሉ ንዱት፣ ሚስማሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ። በጣምም አታስነፉት፤ ላላ ሲል ብዙ ሚስማር መሬት ይነካል። ይህ ጎማ ጠንካራ በረዶ ላይ በእውነት ሕይወት ነው። በተንኮታኮተ ለስላሳ በረዶና በደረቁ የእግር ቅርጾች ላይ ግን ብዙ አይረዳም። ማዘጋጃ ቤቱ ዋና ዋና መንገዶችን በጥራጊ ብሩሽና በጨው ውሃ ያጸዳል፤ እነዚህ ደህና ናቸው። አደጋው ያለው ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ሰው ግቢ በምትገቡባት የመጨረሻዋ ሃምሳ ሜትር ላይ ነው።

ምግብ የምታደርሱ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ሆናችሁ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ። ለእናንተ «አትንዱ» ማለት እንጀራችሁን ተዉ ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ክፍያው በየትእዛዙ በሆነበት ሥራ፣ በሃልካ ቀን ደግሞ ትእዛዙ ይበዛል፤ ሰዉ ራሱ መውጣት ፈርቶ ነው የሚያዘው። ይህ ትክክል አይደለም፤ በአደባባይ ሊነገር፣ በማኅበርም ሊጠየቅ የሚገባ ነገር ነው። እስከዚያው ግን የምለምናችሁ ይህን ነው። ወርዶ መግፋትን እንደ ሽንፈት አትዩት። ድልድይ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ የሐዲድ ብረት ላይ ውረዱ። ምግቡ ይቀዝቅዝ። ከወደቃችሁም የወደቃችሁበትን ሰዓትና ቦታ ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ለአሠሪያችሁም አስመዝግቡ። ተቀጣሪ ከቤቱ ወደ ሥራው ሲሄድ የሚደርስበትም አደጋ በዚህ አገር ሕግ የሥራ ጉዳት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሳናውቅ ሕመሙንም ወጪውንም ለብቻችን ችለናል።

ሌላም ነገር አለ። ሊንሾፒንግ ያለው የመንገድና የትራንስፖርት ምርምር ተቋም ደጋግሞ እንዳሳየው፣ በስዊድን ክፉኛ ከሚጎዱት ብስክሌተኞች አብዛኞቹ የሚወድቁት ለብቻቸው ነው፤ መኪና ሳይነካቸው። ለብቻው የወደቀ ሰው ፖሊስ አይጠራም። የሚቆጠረው ሆስፒታል ሲሄድ ነው፤ ሆስፒታሉ መዝግቦ ሲልከው ያ መንገድ አደገኛ መሆኑ ይታወቃል። እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ሰባት ቤት ስዞር፣ ድልድዩ ላይ ማንም አልወደቀም ማለት ነው። ከኋላዬ የመጣውን ሰው አስቡት።

የተሰበረ አጥንት ስለሚድንበት ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የአንጓ ጀሶ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ጀሶው በተፈታ ማግስት ግን ብስክሌት ላይ አትውጡ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይል መጨበጥ ያልቻለ እጅ ገና አልዳነም። እኔ ራሴን የምፈትነው እንዲህ ነበር፦ ሙሉ ማንቆርቆሪያ በቀኝ እጄ አንሥቼ ሳይንቀጠቀጥ መቅዳት። ያን እስክችል ኅዳርም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ ዐቢይ ጾምም ገባ።

ዛሬ ወደዚህ የመጣሁት ከሥራ በቀጥታ፣ በብስክሌት ነው። ከሰዓት በኋላ እንዳያችሁት ዘንቧል። ወደ አዳራሹ ስገባ ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ኮከብ ወጥቷል። የአዳራሹን ጠባቂ ለምኜ ብስክሌቴን ጓዳ አስገብቼዋለሁ፤ ቁልፉ ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይገኛል። በብስክሌት የመጣችሁ ካላችሁ አሁንም ቦታ አለ፣ ጠይቄላችኋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ከሰማሁ በኋላ ወደ ባቡር ጣቢያው በእግሬ ነው የምሄደው። በዚያ በኩል የምትሄዱ ጠብቁኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ ገና ጠጠር አልተበተነም፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን እንወርዳለን።